ሌላ ሰው እየሠራበት ያለ የጋራ ሊነክስ ኮምፒውተር እንዳይጠፋ ምን ይደረግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረጅም አይደለም፤ ግን ያንገበገበኝ ነገር ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

በሥራ ቦታችን ጥሩ አቅም ያለው አንድ የሊነክስ ኮምፒውተር አለ። አምስት ሆነን እንጠቀምበታለን። አንዳንዶቻችን ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብለን፣ ሌሎቻችን ከየጠረጴዛችን በኤስኤስኤች፣ ማለትም በኔትወርክ ከሩቅ በሚያስገባው መንገድ፣ ገብተን እንሠራለን። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ ሲሰላ የቆየ ሥራ ነበረኝ። ሊያልቅ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ግንኙነቱ ተቋረጠ። ሄጄ ሳይ ማሽኑ ጠፍቷል። አንድ ባልደረባዬ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ የራሱን ላፕቶፕ እንደሚዘጋው፣ ጥግ ላይ ያለውን ሜኑ ከፍቶ «አጥፋ» የሚለውን ነክቶ ሄዷል። ክፋት የለበትም። እኔ እዚያ ውስጥ እንዳለሁ የሚነግረው ነገር አልነበረም። እሱ የሚያየው የራሱን ሥራ ብቻ ነው።

እሱን መውቀስ አልፈልግም። የምፈልገው ማሽኑ ራሱ ሌላ ሰው እየሠራ መሆኑን አይቶ እንዲያስቆመው ነው። ይህ ይቻላል? ከተቻለስ የቱ ጋ ነው የሚስተካከለው?

ጥያቄውን ከለጠፍኩ በኋላ 22 መልስ መጣ። ክሩ በጣም ስለረዘመ፣ አሁን ለሚገባ ሰው እንዲመች የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር እተርካለሁ።

1ኛው መልስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ጸሐፊው መጀመሪያ ስለጠፋብኝ ሥራ አዘነልኝ። ከዚያ የምፈልገው ነገር ከድሮም እንደታሰበበት አስረዳኝ። ዛሬ አብዛኞቹ የሊነክስ ስርጭቶች የሚነሱት ሲስተምዲ በሚባል፣ ማሽኑን አስነስቶ ሌሎቹን ፕሮግራሞች በሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው። ማን እንደገባ፣ ከየት እንደገባ የሚከታተለው ሎግኢንዲ የሚባለው ክፍሉ ነው። «አጥፋ» የሚለው ሲነካ ጥያቄው ወደ ሎግኢንዲ ይሄዳል። እሱ ደግሞ ፈቃድ ሰጪውን ፖልኪትን ይጠይቃል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፖልኪት ዘንድ ማጥፋት አንድ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ብቻን ሆኖ ማጥፋት አንድ ፈቃድ ነው፤ ሌላ ሰው ገብቶ እያለ ማጥፋት ራሱን የቻለ ሌላ ፈቃድ ነው። ሪስታርት ማድረግም እንዲሁ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ብቻውን የሚሠራውን ሰው ሳያስቸግሩ ሁለተኛውን ፈቃድ ብቻ ማጥበቅ ይቻላል።

2ኛው መልስ አጭር ነበር። ጥበቃው ካለ ታዲያ ያንተ ማሽን እንዴት ጠፋ የሚል። እኔም ይህንኑ ነበር ልጠይቅ ያሰብኩት።

3ኛዋ ጸሐፊ መለሰችው። ማሽኑ ተጭኖ ሲመጣ ያለው ደንብ በየስርጭቱና በየቅጂው ይለያያል አለች። አንዳንዱ ላይ የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቃል። ሌላው ላይ ደግሞ ስክሪኑ ፊት ለተቀመጠ ሰው ያለምንም ጥያቄ ይፈቅዳል፤ ከሩቅ ለገባ ሰው ግን ፓስወርድ ይጠይቃል። እንደ እሷ ግምት ሐሳቡ፣ ማሽኑ አጠገብ ያለ ሰው ገመዱንም መንቀል ስለሚችል መከልከሉ ትርጉም የለውም የሚል ነው። ግምት ከመስጠት ግን ፒኬአክሽን በሚባለው ትእዛዝ የራስን ማሽን መጠየቅ እንደሚሻል መከረችኝ። ሞከርኩት። ልክ እንዳለችው ነው፦ ስክሪኑ ፊት ላለ ሰው «ይቻላል» ይላል። ባልደረባዬ ምንም ሳይጠየቅ ያጠፋው ለዚህ ነበር።

ማስተካከያውንም እሷው ናት የሰጠችኝ። ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ የፖልኪት ፎልደር አለ። በዚያ ውስጥ ደንቦች የሚቀመጡበት ቦታ አለ። እዚያ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ አጭር ፋይል ይጨመራል። ፋይሉ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ የተጠየቀው ፈቃድ ሌላ ሰው እያለ ማጥፋት ወይም ሪስታርት ማድረግ ከሆነ የአድሚን ፓስወርድ ጠይቅ። አምስት ስድስት መስመር ቢሆን ነው። ደንቦቹ የሚነበቡት በፋይል ስማቸው ተራ ነው፤ ቀድሞ ውሳኔ የሰጠው ያሸንፋል። ስለዚህ ስሙ በትንሽ ቁጥር ቢጀምር ይመረጣል። ማሽኑን እንደገና ማስነሳትም አያስፈልግም።

4ኛው መልስ በዚህ ላይ ትንሽ እርማት ጨመረ። የጃቫስክሪፕቱ ደንብ የመጣው በ2012 በፖልኪት 0.106 ነው። ዴቢያን የሚባለው ስርጭት ግን 12ኛው ቅጂ በ2023 እስኪወጣ ድረስ በ0.105 ላይ ቆይቷል። ኡቡንቱ 22.04ም እንደዚያው ነው። እነዚያ ላይ ደንቡ የሚጻፈው በሌላ ዓይነት ፋይል፣ በሌላ ፎልደር ነው። ብዙ ሰው ከኢንተርኔት ገልብጦ አልሠራም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም ቅጂዬን ሳላይ ልጀምር ነበር።

5ኛው መልስ ላይ ድምፁ ጠንከር አለ። ጸሐፊው አምስታችንም የየራሳችን አካውንት እንዳለን ጠየቀኝ። ሦስታችን እንዳለን፣ ሁለቱ ግን አንድ የጋራ አካውንት እንደሚጠቀሙ ነገርኩት። ያኔ ሳያለሳልስ ተናገረ። ሎግኢንዲ ሌላ ሰው አለ የሚለው ሌላ ተጠቃሚ ሲያይ ነው። በአንድ አካውንት አሥር ጊዜ ቢገባ ለእሱ አንድ ሰው ነው። ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ማሽኑን በሌላው ላይ ሊያጠፋበት ይችላል፤ የትኛውም ደንብ አያድናቸውም። መጀመሪያ አካውንቱን ለያዩ፣ ከዚያ ስለ ደንብ አውሩ የሚል ነበር መልእክቱ። አነጋገሩ ቢከብደኝም በጣም ጠቅሞኛል። ይህን ነገር ከራሴ አላስበውም ነበር።

6ኛውና 7ኛው መልስ እርስ በርስ ተከራከሩ። 6ኛው ፓስወርድ መጠየቅ አይበቃም፣ ጭራሽ መከልከል ነው ያለበት ባይ ነው። ምክንያትም አለው። ሰውየው የአድሚን ሥልጣን የሚሰጡት የሱዶ ወይም የዊል ቡድን አባል ከሆነ ፖልኪት የሚጠይቀው የራሱን ፓስወርድ ነው፤ ሳያስብ ጽፎ ያልፋል። 7ኛዋ አልተስማማችም። ማሽኑ ጭስ ቢያወጣ ወይም ከመጠን በላይ ቢሞቅ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው በሥርዓት የሚያጠፋበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ጭራሽ ከከለከልከው ገመድ ይነቅላል፣ ዲስኩም ይጎዳል አለች። ይልቅ የሱዶ ቡድን ውስጥ መግባት የሌለበትን ሰው ማውጣት ነው። ማጥፋት የሚችለው ሰውም ድንገት ከሚያጠፋ ጊዜ ይስጥ። ሻትዳውን የሚባለው ትእዛዝ ደቂቃና መልእክት ይቀበላል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይጠፋል ብሎ በየተርሚናሉ ለገቡት ይነግራል። አምስት ደቂቃ ሲቀረው አዲስ ሰው እንዳይገባ ይከለክላል። ሐሳብ ከተቀየረም መሰረዝ ይቻላል። እኔ ከ7ኛዋ ጋር ነኝ።

8ኛው መልስ አስቀየመኝ፤ አልደብቅም። ይህ የቴክኒክ ችግር አይደለም፣ የሰው ችግር ነው አለ። ባልደረቦችህ ማሽኑ የጋራ መሆኑን ካላወቁ ወረቀት ለጥፍባቸው፣ ካልሰሙ አስወጣቸው የሚል ዓይነት ነገር ነው። 9ኛው ደግሞ ተቆጥቶ መለሰለት። የሠራው ሰው ባለጌ ሳይሆን ምንም ያላየ ሰው እንደሆነ መጀመሪያው ጽሑፍ ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ አንብበህ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትልም ነበር አለው። ሁለቱ ትንሽ ተነካኩ። ጸባቸውን ትቼ ወረቀቱን በተመለከተ ግን 8ኛው አልተሳሳተም። በማግስቱ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፌያለሁ።

10ኛውን መልስ የጻፉት በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ይመስሉኛል። ነገሩን አረጋግተው ወደ ድሮ ወሰዱን። ሲስተምዲ ሳይመጣ፣ በሲስቪኢኒት ዘመን፣ ማጥፋት የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም የሚጻፍበት አንድ ፋይል ነበር። አንድ ሰው ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት ሦስቱን ሲጫን፣ ሻትዳውን በዚያ ፋይል ከተዘረዘሩት አንዱ ወይም ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት) በማሽኑ በራሱ ስክሪን፣ ማለትም በኮንሶሉ፣ መግባቱን ያያል፤ ከሌለ አያጠፋም። ፋይሉ የሚይዘው እስከ 32 ስም ነበር። አሁን ሲስተምዲ ያንን ፋይል አያየውም፤ ስለዚህ አሮጌ መመሪያ አንብባችሁ እንዳትደክሙ ብለው አስጠነቀቁ። እንዲህ ያለ መልስ ሳገኝ ደስ ይለኛል። ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳውቅ አሁን ያለው ለምን እንዲህ እንደሆነ ይገባኛል።

11ኛው ሞሊ-ጋርድን አነሳ። ዴቢያንና ከእሱ የወጡ ስርጭቶች ላይ የሚገኝ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በኤስኤስኤች ገብተህ አጥፋ ወይም ሪስታርት ስትል የማሽኑን ስም ጻፍ ይልሃል። ከተሳሳትክ እምቢ ይላል። ሁለት ተርሚናል ከፍቶ የተሳሳተውን ማሽን ላጠፋ ሰው ትልቅ መድኃኒት ነው። የራስህን ማረጋገጫ የምትጨምርበት ፎልደርም አለው። ሌላ ሰው መኖሩን አይቶ እምቢ የሚል አጭር ስክሪፕት እዚያ ማስገባት ይቻላል። በግራፊክ ሜኑ የሚመጣውን ግን አያስቆምም፤ ስለዚህ የእኔን ጉዳይ ብቻውን አይፈታውም።

12ኛው ከዚህ ተነስቶ ስለ ስሙ አወራ። ሞሊ የአንድ ፕሮግራመር ትንሽ ልጅ ነበረች። የአይቢኤም 4341 ኮምፒውተርን ትልቁን ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ነካችው። ከዚያ በኋላ ማጥፊያው በፕላስቲክ ክዳን ተሸፈነ። ክዳኑም በእሷ ስም ተጠራ። ከርዕስ የወጣ ነው፤ ግን ችግሩ ከእኛ በፊትም እንደነበረ ሳይ ትንሽ ቀለለኝ።

13ኛው ሌላ መፍትሔ ይዞ መጣ። ማን የትኛውን ትእዛዝ በአድሚን ሥልጣን እንደሚያዝ በሚወስነው የሱዶ ፋይል ውስጥ ለሁሉም ሰው ሁሉንም ፍቀድ፣ ሻትዳውንና ሪቡትን ብቻ በቃለ አጋኖ አግልል የሚል ነው። 14ኛው ላይ ቁጣ መጣ። ይህ ምክር አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የተጠበቅክ ይመስልሃል፣ አልተጠበቅክም አለ። ሁሉንም ትእዛዝ እንደ ሩት የሚያዝ ሰው ሩት ሆኖ ሼል (ትእዛዝ መጻፊያ) ይከፍታል፣ ያንኑ ፕሮግራም በሌላ ስም ይገለብጣል፣ ወይም ሲስተምሲቲኤል በሚባለው የሲስተምዲ ትእዛዝ በኩል ያጠፋል። የሱዶ መመሪያ ራሱ በዚህ መንገድ አትመኩ ይላል። መፍቀድ ያለበትን ብቻ በስም ጠርቶ መፍቀድ እንጂ፣ ሁሉን ሰጥቶ አንዱን መንሳት አይሠራም። አነጋገሩ ሰው የሚያሳፍር ዓይነት ነበር። ነገሩ ግን ትክክል ነው። 15ኛው የ13ኛው ጸሐፊ ራሱ ነው። ሞክሮ እንዳየው፣ በአንድ ደቂቃ እንዳለፈው፣ ምክሩንም እንዳነሳ ጻፈ። በሕዝብ ፊት ተሳስቻለሁ ማለት ቀላል አይደለም፤ አከበርኩት።

16ኛው ሁላችንም የረሳነውን አስታወሰ። የፖልኪት ደንብ የሚሠራው በሶፍትዌር ለሚመጣ ጥያቄ ነው። የኮምፒውተሩ አካል ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ሰው ቢጫነውስ? ሎግኢንዲ እንደመጣ ከተተወ ይህን ቁልፍ ማሽኑን አጥፋ ብሎ ነው የሚረዳው። ሌላ ሰው ገብቷል ወይ ብሎም አይጠይቅም። በሎግኢንዲ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ቁልፉ ሲነካ ምንም አታድርግ የሚል መስመር ማስገባት ይቻላል። ቁልፉን ይዞ ጥቂት ሰከንድ መቆየት ግን በሃርድዌር ደረጃ ኃይሉን ይቆርጣል። ያንን የሚያስቆም ሶፍትዌር የለም።

17ኛው በዚያው መንፈስ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊትን ጨመረ። በጽሑፍ ኮንሶል ላይ ሦስቱ አብረው ሲነኩ ሲስተምዲ ሪስታርት ያደርጋል፤ ይህን መዝጋት ይቻላል። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከሰባት ጊዜ በላይ ከተነኩ ደግሞ በግድ ሪስታርት ያደርጋል። እሱ የሚዘጋው በሌላ መስመር ነው። ሁለቱም መታየት አለባቸው።

18ኛዋ ጸሐፊ የራሷን አጋጣሚ ነገረችን። የእነሱ ኡቡንቱ ሌሊት ሌሊት ራሱ ይነሳ ነበር። ለሁለት ሳምንት እርስ በርስ ተጠራጠሩ። ማንም አልነካውም። አንድ አድሚን አፕዴት በራሱ እንዲጫን፣ ካስፈለገም በራሱ ሪስታርት እንዲያደርግ አዝዞ ኖሯል። ሪስታርቱ መጀመሪያ የተዘጋ ነው፤ ከተከፈተ ግን ሰው ቢኖርም እንዲቀጥል ነው የተቀመጠው። ሰው ካለ ተወው የሚለው መስመር ለብቻው መጻፍ አለበት። ቢሮአቸው ውስጥ ሁለት ሰዎች በዚህ ተኮራርፈው እንደነበር ስታወራ በእውነት አሳዘነኝ።

19ኛው መልስ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጸሐፊው ረጋ ብሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ መጠበቅ የምትፈልገው የገባውን ሰው ነው ወይስ የሚሠራውን ሥራ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። እኔ ሰው ወጥቶም ሥራውን በሚያስቀጥለው ቲመክስ በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ሥራ አስጀምሬ፣ ተለይቼ ወጥቼ፣ ቤቴ ልሄድ እችላለሁ። ማን ገብቷል ብሎ ዝርዝር የሚያይ ሰው ስሜን አያገኘውም። በክሮን (ሥራን በቀጠሮ ሰዓት በሚያስነሳው) ወይም እንደ ሰርቪስ ከጀርባ የተነሳ ሥራም የገባ ሰው የለውም። በተቃራኒው አንድ ሰው ገብቶ፣ ስክሪኑን ቆልፎ፣ ለሦስት ቀን ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ምንም ሳይሠራ ማሽኑን ያዘ ማለት ነው።

መፍትሔው ሥራው ራሱ መቆለፊያ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሲስተምዲ-ኢንሂቢት የሚባል ትእዛዝ አለ። ረጅሙን ሥራ በእሱ በኩል ታስጀምረዋለህ። ማን እንደያዘና ለምን እንደያዘ አብረህ ትጽፋለህ። ሥራው እስኪያልቅ ማሽኑን ማጥፋት ይታገዳል። ሲያልቅ መቆለፊያው በራሱ ይለቀቃል። ማጥፋት የፈለገ ሰው ዝርዝሩን ጠይቆ ስሙንና ምክንያቱን ያነባል። እኔን የነካኝ ይህ ነው። ማሽኑ ዝም ብሎ እምቢ አይልም፤ ለምን እንደሆነም ይናገራል።

20ኛው ሁለት ማስጠንቀቂያ አከለበት። አንደኛ፣ በኤስኤስኤች የገባ ተራ ተጠቃሚ ይህን መቆለፊያ እንዳይዝ ሊከለከል ይችላል። ያኔ አድሚኑ በፖልኪት ደንብ ለቡድኑ መፍቀድ አለበት። ሁለተኛ፣ መቆለፊያው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱ ያግዳል፤ ሌላው የሚያዘገየው ብቻ ነው። የሚያዘገየው ካልተቀየረ በቀር ቢበዛ አምስት ሰከንድ ነው የሚቆየው፤ ፋይል ለማስቀመጥ እንጂ ለሦስት ቀን ሥራ አይሆንም።

21ኛው እንደ 8ኛው ቀጥተኛ ነበር፤ ግን የሚጠቅም ቀጥተኛ። መብራት ቢሄድስ አለኝ። ሦስት ቀን የሚፈጅ ሥራ በመሀል የደረሰበትን ካላስቀመጠ ጥፋቱ ግማሹ ያንተ ነው አለ። መልስ አልነበረኝም። ፕሮግራሜን አሁን በየሰዓቱ የደረሰበትን ዲስክ ላይ እንዲጽፍ አድርጌዋለሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ቀድሜ ማድረግ ነበረብኝ።

22ኛው የመጨረሻ ነው። ማጥፋትና ሪስታርትን ዘግተህ ማስተኛትን ከተውክ ምን ዋጋ አለው አለ። ማሽኑ ከተኛ የኤስኤስኤች ሰው ይቋረጣል፣ ስሌቱም ይቆማል። ለማስተኛትም ሌላ ሰው እያለ የሚል የተለየ ፈቃድ አለ። ያንን ደንቤ ላይ ጨመርኩ። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ በራሱ እንዳይተኛም ዘጋሁት።

በመጨረሻ ያደረግኩት ይህን ነው። ለሁሉም የየራሱ አካውንት ከፈትን። ሁለት ሰዎችን ከሱዶ ቡድን አወጣን፤ ሁለቱም ቅር አላላቸውም። የ3ኛዋን ደንብ ከማስተኛቱ ጋር አስገባሁ። የማብሪያ ማጥፊያውን ቁልፍ ዘጋሁ። ረጅም ሥራዬን ሁሉ አሁን በመቆለፊያ ነው የማስጀምረው።

ትናንት ማታ ከቤቴ ገብቼ ስሠራ ያው ባልደረባዬ መልእክት ላከልኝ። ማሽኑን ሊያጠፋ ሲል የአድሚን ፓስወርድ ጠይቆታል። አንተ ነህ ወይ እየሠራህ ያለኸው አለኝ። አዎ፣ እስከ ጠዋት እቆያለሁ አልኩት። ስክሪኑን ብቻ ቆልፎ ወጣ።